ካርታው ያለቀ ነው ወይስ የሚመከርበት?

 

የዛሬ ጽሑፌ ስለ መሬት ነው። መሬት ሲነሳ ብዙዎቻችን ሁለት ነገር ብቻ ትዝ ይለናል፤ መስጊድና መቃብር። እኔ ግን ላነሳ የፈለግሁት የሁለቱንም ቦታ ስለሚወስን፣ ከዚያም አልፎ የከብቱን መንገድ፣ የምንጩን ዳር፣ የገበያውን ሜዳና የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ስለሚወስን አንድ ወረቀት ነው። ባለሙያዎች የመሬት አጠቃቀም ፕላን ይሉታል። በቀበሌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስናየው ባለ ቀለም ካርታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ከመነሳቱ አስቀድሞ፣ አጎቴን ልጠይቅ ወደ አዊ ዞን ሄጄ ነበር። አጎቴ የሚኖሩት ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ዘንገናን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በእንጅባራና በከሳ መካከል፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ፣ ምድር ድንገት ክብ ጎድጓዳ ሆና ትቀበላችኋለች። ጥንት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠው ይህ ሐይቅ ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል ነው። በጥልቀቱ ከአገራችን ሐይቆች ከሻላ ቀጥሎ የሚጠቀስ ነው። ዙሪያውን ደን ከቦታል። ከሐይቁ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። የገባበት ነገር ተጠርጎ አይወጣም ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የቀበሌው ሰው "ስለ መሬት ፕላን ስብሰባ አለ" እያለ በየደጁ ሲያልፍ አጎቴን ተከትዬ ሄድኩ። አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቷል። አንድ ወጣት ባለሙያ በካርታው ፊት ቆሞ በበትር እያመለከተ አስረዳ። ቢጫው ለመኖሪያ፣ ቀዩ ለንግድ፣ አረንጓዴው ለጥበቃ፣ ድርብ መስመሩ ለመንገድ። አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ልጁ ቅን ነበር፤ ሥራውንም ያውቃል። ነገር ግን የተናገረው ግማሹ ስለ ስኩዌር ሜትርና ስለ ሔክታር ነበርና በጥማድ የሚቆጥረው ሕዝብ ምን ያህሉን እንደያዘው እንጃ። ሰብሳቢው "አስተያየት ያለው?" ብለው ጠየቁ። ዝምታ ሆነ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ሊዘጉ እስክሪብቶ ሲያነሱ፣ ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ይኸ ካርታ ያለቀ ነው ወይስ የሚመከርበት?"

ወጣቱ ወደ ሰብሳቢው ዞር ብሎ አየ። ቆይቶም "አባቴ፣ ረቂቅ ነው፤ ይመከርበታል" አለ።

"የሚመከርበት ከሆነማ፣ ይኸ አረንጓዴ የቀባችሁት ከብቶቻችን ወደ ውሃ የሚወርዱበት ነው። መከበሩን አልጠላሁም፤ ደኑ ያባቶቻችን ነው። ግን በየት ይለፉ?"

ወጣቱ ወደ ካርታው ተጠጋ፤ አየና እርሳስ አወጣ። በዚያች ቅጽበት አንድ ትልቅ ታሪክ ትዝ አለኝ።

በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው፣ በበድር ዘመቻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠራዊታቸውን በአንድ ቦታ ባሰፈሩ ጊዜ ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር (ረ.ዐ.) የተባለ ሰሓባ ቀርቦ ጠየቀ። የጠየቀው አዛውንቱ ከጠየቁት ጋር አንድ ነው። ይህ ቦታ አላህ ያወረደልዎ፣ እኛ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማንለው ነው? ወይስ ሐሳብና የጦር ብልሃት ነው? ነቢዩም ሐሳብ መሆኑን ነገሩት። ሑባብም ቦታው እንደማይስማማ፣ ለጠላት ወደሚቀርበው የውሃ ጉድጓድ ሄደው ቢሰፍሩና የውሃ ማጠራቀሚያ ቢሠሩ እንደሚሻል አመለከተ። የአላህ መልእክተኛ ተነሡ፤ ሠራዊቱም ቦታውን ለቀቀ።

ልብ በሉ ወንድሞችና እህቶች! ሑባብ በመጀመሪያ የጠየቀው "ልናገር ይፈቀድልኛል?" ብሎ አይደለም። የጠየቀው ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። የወሕይ ጉዳይ ከሆነ "ሰማን፣ ታዘዝን" ነው። የሰው ሐሳብ ከሆነ ግን መሬቱንና ውሃውን የሚያውቅ ሰው አፉን ዘግቶ መቀመጥ አይገባውም። እንግዲህ በቀበሌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ካርታ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቀለሙን የቀባው ሰው ነው። ነቢዩ ወሕይ ባልወረደበት ጉዳይ ምክር ተቀብለው ሠራዊት ካስነሱ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መስመር ቢያዛውር ምን ይጎድልበታል?

አላህ (ሱ.ወ.) በቅዱስ ቁርአን ስሟ "ሹራ" በተባለች ምዕራፍ (42፡38) የምእመናንን ጠባይ ሲዘረዝር መመካከርን ከሰላት ቀጥሎ፣ ከልግስናም አስቀድሞ አኑሮታል። ስንቶቻችን ነን ሰላታችንን ለማድረስ ተሻምተን፣ ሰደቃችንን ሰጥተን፣ በሁለቱ መካከል ያለችውን የዘለልን? ደግሞም አንዳንድ ባለሥልጣናት "ሕዝቡ ምን ያውቃል? ብናማክረውም ያጠፋል" ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእነሱ የኡሑድ ታሪክ መልስ አለው። ከኡሑድ በፊት የነቢዩ ሐሳብ በመዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። ብዙዎቹ፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ወጥተን እንግጠም አሉ። ወጡ። ሰባ ያህል ሰሓቦች ተሰዉ። ከዚያ በኋላ የወረደው ትእዛዝ ግን "ከእንግዲህ አታማክራቸው" የሚል አልነበረም። ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ በነገሩም እንዲያማክሯቸው ነው የታዘዙት (3፡159)። ምክሩ ባስከተለው ጉዳት ማግሥት ምክር ታዘዘ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከስብሰባው ስንመለስ አጎቴን "እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው። አጎቴ በዚያ አካባቢ አርባ ዓመት ኖረዋል፤ የትኛው መሬት በክረምት ውሃ እንደሚተኛበት፣ የትኛው ዳገት እንደሚናድ ያውቃሉ።

"የኛ መቃብር አልተነሳማ" አሉኝ። "ምን ብዬ ልናገር?"

ጥቂት ከተራመድን በኋላ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ "እኛ እዚህ ጥቂት ነን ልጄ። ጥቂት ሰው ሲናገር ቶሎ ይታያል።"

አልገሠጽኳቸውም። አንደኛ፣ ታላቄ ናቸው። ሁለተኛ፣ እኔም የምገሥጽበት አንደበት አልነበረኝም፤ ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ። ሦስተኛ ደግሞ የአጎቴ ዝምታ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በንጉሡ ዘመን የአገራችን ሙስሊም በአብዛኛው አካባቢ የርስት ባለቤት እንዳይሆን ተደርጎ ነግዶና ሸምኖ ይኖር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ብዙ ሙስሊም ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ማሳ ያዘ። አባቱ በመሬት ጉዳይ ተጠርቶ የማያውቅ ሰው፣ እሱ ሲጠራ ምን እንደሚባል ቢቸገር አይፈረድበትም። መቃብር ብቻ ትዝ የሚለውም የቀብር ቦታ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደተጠና ስለማይረሳ ነው።

ነገር ግን ምክንያት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በዚያው መቅረት ሌላ ነው። የመስጊድና የመቃብር ጉዳይ ሲነሳ አዳራሹን እየሞላን፣ እሱ ሲያልቅ እየተነሳን የምንወጣ ከሆነ፣ ምስክርነታችንን ለራሳችን ብቻ አደረግነው ማለት ነው። አላህ ምስክሮች በተጠሩ ጊዜ እምቢ እንዳይሉ አዟል፤ ምስክርነትን የደበቀ ሰውም ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ነግሮናል (2፡282-283)። አንቀጾቹ የወረዱት በዕዳ ውል ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ የመኖሪያ ቢጫ ሲቀባ እያየ ዝም ቢል፣ ኋላ ጎርፉ የሰው ልጅ ይዞ ሲሄድ "እኔ አልተጠየቅሁም" ማለት ያድነዋልን? በአዊ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ጎርፉ ግን ሃይማኖት ለይቶ አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጎረቤትን ሐቅ ሲያስተምሩም ለአንዱ ወገን ብቻ አላደረጉትም።

ቡኻሪ የዘገቡትን የመርከቧን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። ሰዎች በአንዲት መርከብ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ከፊሎቹ ላይኛው ክፍል፣ ከፊሎቹ ታችኛው ክፍል ደረሳቸው። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸውና፣ እነሱን ላለማስቸገር ከድርሻችን ላይ ቀዳዳ ብናበጅስ ብለው አሰቡ። ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ ወንጀለኞች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ሳነበው ግን የታችኞቹ ሰዎች ክፉ ሐሳብ እንዳልነበራቸው አስተዋልሁ። ውሃ ነው የጠማቸው። እንዲያውም ላይኞቹን ላለማስቸገር ነው ያሰቡት። ያጠፉት "በድርሻችን ላይ ነው" ማለታቸው ነው።

የዚህን ሐዲስ ትርጓሜ ማየት የሚፈልግ ሰው አዊ ዞን ይሂድ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ምን እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። አንዱ ገበሬ ጤፍና ድንች ያበቅልበት በነበረው ማሳ ዲከረንስ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ዘራ፤ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል አከሰለ። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ተጫነ። የሣር ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ልጁ ተማረ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ የሚነቀፍ ሲሳይ አይደለም። እንዲያውም ዛፉ የደከመ መሬት እንደሚያገግምበት ይነገርለታል። ጎረቤቱ ግን ጥላው ሰብሉን ሲያቀጭጭበት ወደደም ጠላም እሱም ተከለ። የጎረቤቱ ጎረቤትም እንዲሁ። ነገሩ በየማሳው የተወሰነ እንጂ፣ ምን ያህሉ ለዛፍ፣ ምን ያህሉ ለእህል፣ ምን ያህሉ ለግጦሽ ይሁን ተብሎ በአንድነት የተመከረበት አልነበረም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ በሽታ መጣና ዲከረንሱን መታው። ማሳውን በሙሉ ለአንድ ዛፍ የሰጠ ሰው ያን ጊዜ ፊቱን ወዴት ያዙር? እነሆ፣ ከመርከቧ ሰዎች ማንም ክፉ አላሰበም።

በከተማውም ያው ነው። ቀድሞ ኮሶበር ትባል የነበረችው እንጅባራ፣ የዞን ከተማ ከሆነች ወዲህ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ መቀበል ከጀመረ በኋላ እየሰፋች ነው። ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው በሰው ማሳ ላይ ነው። የሐይቁ ዳርም እንግዳ የሚወደው ቦታ ነውና ነገ ሆቴል የሚሠራ፣ ነገ ሎጅ የሚያቆም አይጠፋም። የሚወጣበት ወንዝ የሌለው ሐይቅ ዳር የሚቆፈር የሽንት ቤት ጉድጓድ መጨረሻው የት ነው? ይህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

"እንግዲያውስ ይከለል፤ ሁሉም ይከልከል" የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ሰከን እንበል። እስልምና ክልልን ያውቃል፤ "ሒማ" ይባላል። በጃሂሊያ ዘመን ኃይለኛ የሆነ የጎሣ አለቃ ውሻውን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያስጮህና ጩኸቱ የተሰማበትን ድረስ ያለውን ግጦሽ ለራሱ ይከልል ነበር ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሽረው፣ ክልል ለአላህና ለመልእክተኛው ብቻ፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዲሆን አደረጉ። (በየዘመኑ ውሻው መልኩን ይለውጣል እንጂ መጮሁን አላቆመም፤ ዛሬ አንዳንዴ "ኢንቨስትመንት" እያለ ይጮሃል።)

ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን በሒማው ላይ ሾሙት። ቡኻሪ እንደዘገቡት የሰጡት መመሪያ የሚገርም ነው። ክንፉን ለሰው ዝቅ እንዲያደርግ፣ የተበደለን ሰው እርግማን እንዲፈራ አዘዙት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ ነገሩት። ሁለቱ በጀነት ከተበሠሩት ታላላቅ ሰሓቦች ናቸው! ምክንያቱንም አስረዱ። የእነዚያ ሀብታሞች ከብት ቢያልቅ ወደ ተምር እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድሃው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ መጥቶ በደጄ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት ውሃና ሣር መስጠት ይቀለኛል አሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ነው። ሰዎቹ በደለን እንደሚሉ ዑመር አልደበቁም። መሬቱ አገራቸው እንደሆነ፣ በጃሂሊያ እንደተዋጉለት፣ በእስልምናም እንደያዙት በመሐላ መሰከሩላቸው። በአላህ መንገድ የሚዘምቱት ከብቶች ባይኖሩ ኖሮ ስንዝር እንኳ ባልከለልኩባቸው ነበር አሉ።

እንግዲህ አረንጓዴ ቀለም የሚቀባ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይመዘን። አረንጓዴው ማንን ያስወጣል፤ ማንን ያስገባል? ሁለት ላም ያለቻትን ሴት ከግጦሽ አስወጥቶ ባለ መኪናውን በሐይቁ ዳር የሚያዝናና ከሆነ የዑመርን ሒማ ገልብጦታል። ደኑንና ውሃውን ጠብቆ ላሚቱን በአንድ መተላለፊያ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን አዛውንቱ ከጠየቁት አይለይም። መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይክዱ መከልከል ይቻላል ማለት ነው።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጨቃጨቁ ሰባት ክንድ እንዲሆን ነቢዩ ወስነዋል። በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ ኩፋ ስትቆረቆር ዋናው ጎዳና አርባ ክንድ፣ ቀጥሎ ያለው ሠላሳ፣ ከዚያ ሃያ፣ ጉራንጉሩ ሰባት ክንድ እንዲሆን ዑመር እንዳዘዙ በጦበሪ ታሪክ ሰፍሯል። ፕላን ለኛ ባዕድ አይደለም። መንገድ በሰው ግቢ የሚያልፍበት ጊዜም ይመጣል። ጥያቄው እንዴት ያልፋል ነው። ነቢዩ መዲና ሲገቡ መስጊዳቸውን ሊሠሩበት የፈለጉት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ የተምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹን አስጠርተው ዋጋ እንዲጠሩ ጠየቋቸው። ልጆቹ በነፃ እንስጥዎ አሉ። ነቢዩ እምቢ አሉ፤ ሳይከፍሉ አልተቀበሉም። ከዚያ የከበረ የሕዝብ ጥቅም ከወዴት ይገኛል? ሆኖም ለመስጊዱ ተብሎ እንኳ የየቲም ግቢ ያለ ዋጋና ያለ ፈቃድ አልተወሰደም። መሬት ስንዝር በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ጋር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

የአገሩ ሕግስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። አንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ይህንኑ ያጠናክራል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን በሕዝብ ተሳትፎ እንዲዘጋጅ ያዛል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በበኩሉ ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ይጠይቃል፤ ቅር የተሰኘም አቤት የሚልበት ቦታ አለው። ሕጉ በወረቀት አለ። ወረቀቱን የሚያስነሳው ግን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሳይመከርበት የቀረ ፕላን የሚያስከፍለውን ዋጋም አይተናል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ገበሬው "መሬቴስ?" አለ፤ ተማሪው ወጣ። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ዳግም ተነሳ። ጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ቀረ ተባለ። በመካከሉ ግን ብዙ ሰው ሞተ። ካርታ ይሰረዛል፤ የሞተ ግን አይመለስም። በሌላ ወገን ደግሞ ብዙ በማይርቀው ጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ ጥብቅ ክልልን፣ ዙሪያውንና ሰው የሚኖርበትንና የሚያርስበትን በየደረጃው ለይቶ የያዘ አከላለል ተዘጋጅቶ፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ተመዝግቧል። ችግሩ ሁሉ አልቋል ማለቴ አይደለም፤ እምቦጩ ምስክር ነው። ነገር ግን ጥበቃ ሰውን በማስወጣት ብቻ እንደማይሆን ያሳያል።

አሁን ወደ ኋላ ወዳስቀረሁት ልመለስ። አጎቴን ለመገሠጽ አንደበት አልነበረኝም ብያለሁ። እኔ በምኖርበት ከተማ፣ ከዚያ ስብሰባ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ የሰፈራችን ፕላን ቀርቦ ነዋሪ ተጠርቶ ነበር። ሄድኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ሻይና አምባሻ ቀረበ። ካርታው ሲዘረጋ ሰዓቴን አየሁ፤ የማደርሰው ጽሑፍ ነበረኝና ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሙያው መጠየቅ የሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው፣ ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

በዚያ ካርታ ላይ ድርቡ መስመር በጎረቤቴ ግቢ ያልፍ ነበር። እንጀራ ሸጠው ሦስት ልጆች ያሳደጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ስብሰባው የተጠራው በገበያ ቀን ነበርና መምጣት አልቻሉም። ከዘንገና ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ አንድ ጠዋት በአጥራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኙት። አቤት ሊሉ ሲሄዱ ነዋሪው ተስማምቷል ተባሉ፤ ማስረጃውም የተሰብሳቢዎች ስምና ፊርማ ነው። የእኔ ስም አራተኛው መስመር ላይ ነበር።

"አንተኮ እዚያ ነበርክ" አሉኝ።

"ነበርኩ፣ እትዬ።"

"ምን አሉ ታዲያ? ስለ ግቢዬ ምን አሉ?"

የምመልሰው አልነበረኝም። ስለ ግቢያቸው ምን እንደተባለ አላውቅም፤ ሲባል አልነበርኩም። ምስክር ተብዬ ተጠርቼ፣ ያላየሁትን ፈርሜ ነበር የወጣሁት። ውሸት አልተናገርኩም፤ ፊርማዬ ግን ተናገረልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምስክርነትን አንቀጽ ሳነብ ድምፄ ይሰበራል።

አቤቱታቸውን ጽፌ አብሬያቸው በየቢሮው ዞርኩ። ግማሽ ግቢያቸው ተረፈ፤ ምጣዱ የነበረበት ጓዳ ግን ሄደ። ረመዷን ሲገባ ቤታቸው ሄጄ "ዐፉ በሉኝ" አልኳቸው። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ቃሉን ግን ከኛ ጋር ብዙ ዘመን ስለኖሩ ያውቁታል።

"ዐፉ ብዬሃለሁ" አሉኝ። ከዚያ አዲሱን ምጣዳቸውን እያሰሱ "የሚቀጥለው ስብሰባ የተጠራ ዕለት ግን በሬን አንኳኳ" አሉ። "እንጀራውን በዋዜማው እጋግራለሁ።"

አጎቴ ዘንድ ደግሞ በስልክ ደወልኩ። ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ ስብሰባ የሚባል ነገር ብርቅ ሆኗል አሉኝ፤ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል። ካርታው ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። "ያ ልጅ በእርሳስ ያሰመረው የከብት መንገድ አለ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ሄደው እንዳላዩት ነገሩኝ። በሳምንቱ መልሰው ደወሉ፤ ለካ ሄደው አይተውታል። እርሳሱ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም አሉ። ከሱ በታች ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ለጸሐፊው አሳይተው፣ በስማቸው እንዲጻፍ አድርገው ተመልሰዋል።